ሳያስነሡ ማንሣት

ሰው ሲበላ አይታይም። ይህን ሳይባል ያደገ የአገሬ ልጅ ያለ አይመስለኝም። እንግዳ ገበታ ቀርቦ ሲጎርስ ልጅ አፍጥጦ ካየ፣ እናት በዓይኗ ትቆጣለች፤ ዓይኗ ካልበቃ ቁንጥጫ ይከተላል። በድሮው ዘመን መኳንንት ሲበሉና ሲጠጡ አሽከር ሸማ ዘርግቶ ይከልላቸው እንደነበር ከውጭ የመጡ ተጓዦች በመገረም ጽፈዋል። አራስ ትከለላለች። ከሕመሙ ገና ያላገገመ ሰው ለመጣ ሁሉ ዓይን አይሰጥም። ‹‹ዓይን በላው›› የምንለውም ከዚሁ መንደር የመጣ አነጋገር ነው።

እኛ ፊደል ቆጠርን የምንል ሰዎች በዚህ ስንስቅ ኖረናል። መሳቃችንም ያለ ምክንያት አልነበረም። በ‹‹ቡዳ›› ስም በሸክላ ሠሪውና በአንጥረኛው ላይ ስንት ግፍ እንደተፈጸመ እናውቃለንና። ያ ክፋት ተመልሶ እንዲመጣ የሚሻ ጤነኛ የለም። ነገር ግን ገለባውን ስናራግፍ ፍሬውንም አብረን የጣልነው ይመስለኛል። ፍሬው ይህ ነው፦ ማየት በነጻ አይደለም፤ ሒሳቡን ግን ብዙ ጊዜ የሚከፍለው የሚታየው ነው።

ይህን ሐሳብ እንደ አዲስ ያነሣሁት ባላሰብኩት ስፍራ ነው። ኒው ጀርሲና ደላዌር የተባሉት የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ፊት ለፊት በሚተያዩበት በደላዌር ባሕረ ሰላጤ ዳር፣ ወፍ ፎቶ ከሚያነሡ ሰዎች መካከል ቆሜ። የወሰደኝ ሜሪላንድ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ነው። ሥራው ነርስነት ነው፤ ሌሊቱን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ያድራል፤ ዕረፍቱን ደግሞ ለወፍ ሰጥቶታል። ‹‹ወፍ?›› አልኩት መጀመሪያ ሲነግረኝ። ‹‹አዎ ጋሼ፣ ወፍ›› አለ ኮራ ብሎ። የካሜራውን ሌንስ ዋጋ ሲነግረኝ ደግሞ ጭራሽ ዝም አልኩ። በዚያ ገንዘብ እኛ ዘንድ ሰው ይዳራል።

ሊያሳየኝ የፈለገውን ወፍ በእንግሊዝኛ ‹‹ሬድ ኖት›› ይሉታል፤ ለዚህች ጽሑፍ ‹‹ቀይ ደረቱ›› ብዬዋለሁ። በፀደይ ደረቱ እንደ ጡብ ይቀላል። ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ ከቲዬራ ዴል ፉዌጎ ተነሥቶ እስከ ሰሜን ካናዳ የበረዶ ምድር ድረስ ሄዶ ይፈለፍላል፤ መንገዱ ለመሄጃ ብቻ 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ሰላጤ የመጨረሻው ትልቅ ማረፊያው ነው። ሲደርስ ቆዳና አጥንት ነው። ለረጅሙ በረራ ሲባል ሆድ ዕቃው ራሱ ተኮማትሮ ስለሚመጣ ጠጣር ምግብ መፍጨት አይሆንለትም። ሁዳዴን ጾሞ፣ በትንሣኤ ሌሊት ዶሮ ወጡ ላይ ከመውደቁ በፊት ተልባ የሚጠጣ ሰው ይህን ነገር በቶሎ ይረዳዋል። የቀይ ደረቱ ተልባ የሸርጣን እንቁላል ነው።

ሸርጣን ይበሉት እንጂ ይህ ፍጡር የፈረስ ኮቴ የመሰለ ድፍን ቅርፊት ያለው፣ በዘር ለጊንጥና ለሸረሪት የሚቀርብ፣ ከዳይኖሰሮች ዘመን በፊት የነበረ ጥንታዊ ነው። በግንቦት፣ ጨረቃ ስትሞላና ስትጠፋ ባሕሩ ከፍ ሲል ወደ ዳር ይወጣል፤ ሴቷ አሸዋ ቆፍራ እንቁላሏን ትቀብራለች። ወፉ ያን ያህል ቆፍሮ አይደርስበትም። የሚበላው፣ ሸርጣኖቹ በዝተው አንዷ የሌላዋን ጉድጓድ ስትምስና ማዕበል ሲያገላብጠው ወደ ላይ የሚወጣውን ትርፍራፊ ነው። እንግዲህ ጥቂት ሸርጣን አይበቃውም፤ እስኪተርፍ መብዛት አለበት። ወፉ በአሥር፣ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ክብደቱን ወደ እጥፍ አስጠግቶ 180 ግራም ገደማ ሆኖ መነሣት ይኖርበታል። 180 ግራም ማለት ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ያህል ነው። ከዚያ በታች ሆኖ የተነሣ፣ በረዶው አገር ደርሶ ለመፈልፈልም ለመትረፍም ይቸገራል።

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ቀን 2012 ሳንዲ የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ጀርሲን መታ። ሰው ገደለ፤ ቤት አፈረሰ። በሰላጤው ዳርም አሸዋውን ጠርጎ ወሰደው። ከሥር የቀረው ሸርጣን እንቁላል የማይጥልበት ጥቁር የረግረግ አፈርና በቀደሙት ዘመናት የተደፋ የግንባታ ፍርስራሽ ነበር። ሸርጣኑ ሊወጣ የቀሩት ጥቂት ወራት ናቸው። የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች ተረባርበው ፍርስራሹን አነሡ፤ በከባድ መኪና አሸዋ እያጋዙ ሪድስ ቢች፣ ኩክስ ቢች፣ ኪምብልስ ቢች የተባሉትንና ሌሎቹንም ጎረቤቶቻቸውን መልሰው አለበሱ። በ2013 ግንቦት ሸርጣኑ ሲመጣ አሸዋው ተዘርግቶ ጠበቀው። ባሕር ግን የተሰጠውን አሸዋ ሁልጊዜ በቦታው አያስቀምጥም፤ ከዚያ ወዲህም መልሶ መላልሶ መሙላት ግድ ሆኗል። ማገገም እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን ተጨብጭቦ የሚመረቅ ነገር አይደለም።

ማዕበሉን ብቻ መክሰስ ደግሞ ፍርድ ማጓደል ይሆናል። በ1980ዎቹ በዚህ ሰላጤ ወደ 90 ሺህ የሚጠጉ ቀይ ደረቶች ይታዩ ነበር። በ1990ዎቹ ዓሣ አስጋሪዎች ሸርጣኑን ለማጥመጃ ምግብ በገፍ ለቀሙት፤ እንቁላሉ ሲቀንስ ወፉም ቀነሰ። ኒው ጀርሲ በ2008 ሸርጣን መልቀምን አገደች። የአሜሪካ መንግሥት በ2014 ወፉን አደጋ ካንዣበበባቸው ፍጥረታት መዝገብ አስገባው። ይህም ሁሉ ሆኖ በ2021 በተደረገው ቆጠራ የተገኙት ከ7 ሺህ ያነሱ ነበሩ። ሳንዲ እንግዲህ የመታው ጤነኛን አይደለም፤ አልጋ ላይ የነበረን ነው።

ለዚህ ነው በየዓመቱ ከሜይ 7 እስከ ጁን 7፣ በእኛ ከሚያዝያ 29 እስከ ግንቦት 30፣ በኒው ጀርሲ በኩል ወፎቹ የሚመገቡባቸው ዳርቻዎች ለሰው የሚዘጉት። ገመድ ይወጠራል። በጎ ፈቃደኞች ከገመዱ አጠገብ ቆመው ለመጣው ሁሉ ምክንያቱን ያስረዳሉ። ሰው ከተፈቀደለት ቦታ ሆኖ ያያል። የእህቴ ልጅ በሙያው ቋንቋ ተረጎመልኝ፦ ‹‹የጠያቂ ሰዓት አልቋል ማለት ነው ጋሼ። በሽተኛው ይብላ፣ ይተኛ። አበባ ይዘው ቢመጡም በር ላይ ነው የሚቆሙት።››

ማለዳ ነበር። ወፎቹ አንገታቸውን ደፍተው አሸዋውን ይለቅማሉ። እውነት ለመናገር ለፎቶ የሚሆን ነገር አልነበራቸውም። ጀርባ፣ ጀርባ፣ አሁንም ጀርባ። በእኛ በኩል አሥር የምንሆን ሰዎች ቆመናል፤ ከእኔ በቀር ሁሉም እንደ መድፍ የረዘመ ካሜራ ደግኗል። የሚጠብቁት ምን እንደሆነ ቆይቶ ገባኝ። መነሣታቸውን ነው። መንጋው በአንድ ጊዜ ብድግ ሲል፣ ያ ሁሉ ክንፍ በማለዳ ብርሃን ሲገለጥ ያለውን ነገር ነው። ከመካከላቸው ክፉ ሰው አልነበረም። ገመዱን የነካ የለም፤ ድምፁን ከፍ ያደረገ የለም። ግን ሁሉም በልባቸው አንድ ነገር ይመኙ ነበር፤ የወፎቹ ቁርስ እንዲቋረጥ።

ከዚያ ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው ውሻ ይዞ ብቅ አለ፤ ውሻው አመለጠውና ወደ አሸዋው ሮጠ። በጎ ፈቃደኛዋ፣ ሸምገል ያሉ ሴት፣ እየተጣሩ ወደዚያ ሄዱ። መንጋው ተነሣ። ካሜራዎቹ እንደ ፈንድሻ ተንጣጡ፤ የእህቴ ልጅም ካሜራ አብሮ። ሰውየው እየተቅለሰለሰ ውሻውን አሰረ፤ ወፎቹ ሁለት ሦስቴ ዞረው ራቅ ብለው አረፉ። ነገሩ ሁሉ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። መኪና ውስጥ ገብተን ፎቶውን አሳየኝ። ውብ ነው። ከውብም በላይ ነው። ካሜራ ከያዘ ጀምሮ እንዲህ ያለ አንሥቶ አያውቅም።

‹‹ለውድድር ልልከው ነው›› አለኝ። ጥቂት ነድቶ ደግሞ ‹‹ልላከው?›› አለ። እስከ ሜሪላንድ የተከራከርነው በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ስላለው ነገር ነው።

መከራከሪያው ቀላል አልነበረም። ‹‹እኔ አላስነሣኋቸውም። ካሜራዬን ባልደግንም ያው ይነሡ ነበር። በእኔ የተነሣ አንዲት ግራም አልቀነሱም።›› እውነት ነው። ‹‹ደግሞስ ጭልፊት ያስነሣቸው የለ እንዴ?›› ይኸም እውነት ነው።

የጭልፊቱ መልስ ቅርብ ነው። ጭልፊት የሚያስነሣቸው ርቦት ነው፤ ካልቀናው ጦሙን ያድራል። እርሱም ሒሳብ ይከፍላል። የእኛ ረሃብ የዓይን ነው፤ ሳያይ ስላደረ የሞተ ዓይን ደግሞ አልሰማሁም።

ፊተኛው ግን አስቸገረኝ። በሌላ ሰው ጥፋት የተገኘ ውበት ንጹሕ ነው ወይ? ‹‹የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ ዕቃ የሚገዛ ሰው፣ እጁን ኪስ ባይከትም ሌባውን ሥራ ላይ ያቆየው እርሱ ነው›› አልኩት። ሳቀ። ‹‹ጋሼ ምሳሌዎ አልያዘም። ሰውየው ለፎቶ ብሎ መቼ አደረገው? ውሻው እኮ ነው ያመለጠው።›› ትክክል ነው። ያ ፎቶ ማንም ያዘዘው አልነበረም። ስለዚህ ጥያቄውን ገለበጥነው፤ ፎቶው ከየት መጣ ማለቱን ትተን ወዴት ይሄዳል አልን።

ፎቶ ከተሸለመ፣ ከተሰቀለ፣ ሺህ ሰው ‹‹ወይ ግሩም!›› ካለው በኋላ ከዚያች ማለዳ ጋር ያለው ዝምድና ይቋረጣል። ውሻው አይታይበትም፤ የሴትየዋ ጩኸት አይሰማበትም። የሚታየው ክንፍ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን አይቶ ካሜራ የገዛ ሰው በሚቀጥለው ግንቦት የሚመጣው ያንኑ ፍለጋ ነው። የሚበላ ወፍ አይበቃውም። ሁለት ሰዓት ይጠብቃል፤ ሦስተኛው ላይ ‹‹አንድ ጊዜ ብቻ›› ብሎ ሁለት እርምጃ ይጠጋል። እርሱ በእውነትም አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያደረገው። የሚቀጥለውም እንዲሁ። አንዱ መነሣት ምናልባት ኢምንት ነው፤ የወፉ ቀኖች ግን አሥራ አራት ብቻ ናቸው፤ የ‹‹አንድ ጊዜ ብቻ›› ሰዎች ደግሞ ብዙ ናቸው። የተወደደ ምስል ትእዛዝ ነው። ‹‹እንዲህ ያለ አምጡ›› ይላል። አዛዡም ፎቶ አንሺው ብቻ ሳይሆን ተቀምጠን የምናደንቀው እኛ ነን።

ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አይከብድም። በኦክቶበር 1984 መሐመድ አሚን ኮረም ላይ የቀረጸው፣ ማይክል በርክ የዘገበበት ፊልም በቢቢሲ ሲታይ ዓለም ደነገጠ፤ እህል መጣ፤ የተረፈ ነፍስ አለ። ባይቀረጽ ይሻል ነበር የሚል ሰው ቢኖር እኔ አብሬው አልቆምም። ነገር ግን ያ ምስል እህሉን ካመጣ በኋላም ሥራውን አላቆመም። ለብዙ ዓመታት ወደ እኛ የዞረ ካሜራ የሚፈልገው ያንኑ ፊት ነበር። በልቶ ቀና ያለው፣ በሬውን ጠምዶ ወደ እርሻው የተመለሰው ለፎቶ አይሆንም ነበር። ምስሉ አድኖናል፤ ዓይንን ደግሞ ከእኛ ምን መጠየቅ እንዳለበት አስተምሮታል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

ወፎቹም ዘንድ ምስል ውለታ አለው። በ1995 አርጀንቲና ውስጥ ተይዞ ምልክት የተደረገለት ቢ95 የሚባል ቀይ ደረት አለ። ‹‹የጨረቃ ወፍ›› ብለውታል፤ በዕድሜው የበረረው ሲደመር ከምድር እስከ ጨረቃ ካለው ርቀት ይበልጣልና። እስከ 2014 ድረስ በሕይወት እንደነበር የታወቀው ሰዎች ከሩቅ ሆነው የእግሩን ምልክት ስላነበቡ ነው። ዛሬም ፎቶ አንሺዎች በረጅም ሌንስ እንዲህ ያለውን ምልክት እያነበቡ ለተመራማሪዎች ያቀብላሉ። ልብ በሉ፤ የእግር ምልክት የሚነበበው ወፉ በእግሩ ቆሞ ጉዳዩን ሲያከናውን ነው።

በዚያው ጠረፍ ሌላም ወፍ አለ፤ ‹‹ፓይፒንግ ፕሎቨር›› ይባላል። የእርሱ ታሪክ የተገላቢጦሽ ነው። በኒው ዮርክ ደቡብ ባለችው ፋየር አይላንድ ሳንዲ ዕፅዋቱን ጠርጎ ባዶ አሸዋ ሲያደርገው፣ እንቁላሉን ባዶ አሸዋ ላይ ለሚጥለው ለዚህ ወፍ ሰፊ መኖሪያ ሆነለት። ለአንዱ ፍርስራሽ የሆነው ለሌላው ጎጆ ነው። ወደ እንቁላሉ ወይም ወደ ጫጩቶቹ የተጠጋ ሰው ሲያይ ክንፉ እንደተሰበረ ሆኖ እየተንፏቀቀ ይርቃል፤ ‹‹እኔን ተከተል፣ ልጆቼን ተው›› ማለቱ ነው። ይህም ሲነሣ ልብ የሚነካ ፎቶ ይወጣዋል። እኔ ለዓመታት ተውኔት አስተምሬያለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ተዋናይ አላየሁም። ይህ ተዋናይ ግን መድረክ ላይ የወጣው ወዶ አይደለም። ትርዒቱ በቀጠለበት ደቂቃ ሁሉ እንቁላሉ ያለ ሙቀት፣ ጫጩቱ ያለ ጠባቂ ነው። አጨብጫቢው ቢያውቅ አያጨበጭብም ነበር።

እዚህ ላይ ‹‹ሰው በቸገረው አገር ይህ ሁሉ ለወፍ ነው እንዴ?›› የሚል አንባቢ አይጠፋም። አልቀየመውም። ነገር ግን ደካማን የምናይበት ዓይን አንድ ነው፤ ለወፍ ሌላ፣ ለሰው ሌላ ዓይን አልተሰጠንም። አማርኛችንም ይህን ያወቀ ይመስላል። ፎቶ ‹‹እናነሣለን››። የሚበላውን ወፍ ‹‹እናስነሣለን››። የታመመ ሰው ሲሻለው ደግሞ ‹‹ተነሣ›› እንላለን። የእህቴ ልጅ ሥራ ሰው ከአልጋው እንዲነሣ መርዳት ነው፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ካሜራ አውጥቶ እንደማያውቅ ነግሮኛል፤ ማንም ሳይከለክለውም አያደርገውም። ባሕሩ ዳር የገባበት ጭንቀት ሁለቱ ሥራዎቹ የተገናኙበት ነው።

ፎቶውን አልላከውም። አልሰረዘውም ደግሞ፤ እኔም ሰርዝ አላልኩትም። የሆነ ነገር ሆኗልና። ሳሎኑ ውስጥ አሳትሞ የሰቀለው ግን ያንን ጀርባ ጀርባ የበዛበትን ነው። እንግዳ ሲመጣ ትኩር ብሎ አይቶ ‹‹ምን እየሠሩ ነው?›› ይለዋል። ‹‹እየበሉ›› ይላል። ብዙዎቹ ጨዋታ ይለውጣሉ። አንዳንዱ ግን ‹‹ለምን አንገታቸውን ደፉ? ከየት መጡ?›› ብሎ ይቀመጣል። ያኔ ስለ ሸርጣኑ፣ ስለ አሸዋው፣ ስለ ማዕበሉ ይወራል። ክንፍ የበዛበት ፎቶ ቢሆን ኖሮ ‹‹ግሩም ነው!›› ተብሎ ወዲያው ይታለፍ ነበር።

አቢጃታ ሐይቅ ዳር፣ ፍላሚንጎዎቹ ለፎቶ እንዲነሡለት ልጆችን ድንጋይ ያስወረወረ ጎብኚ አይቻለሁ። ሐይቁ እየሸሸ፣ ወፎቹ በቀረችው ውኃ ላይ የሚበሉትን እየፈለጉ ነው ይህ የሚሆነው። ከሰሜን አውሮፓና ከእስያ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡ ትንንሽ የዳርቻ ወፎችም በእነዚሁ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ያርፋሉ፤ ገመድ የወጠረላቸው የለም። ለሰውም ቢሆን ያው ነው። መኪና ሲገለበጥ፣ ቤት ሲቃጠል፣ ኀዘንተኛ ራሱን ሲስት የስንቱ እጅ አስቀድሞ ወደ ስልኩ እንደሚሄድ የምታውቁት ነው። አንዳንዱ ምስል ያስፈልጋል፤ ዕርዳታ ይጠራል፣ ምስክር ይሆናል። ይህን ከሌላው ለመለየት ሕግ እስኪወጣ መጠበቅ አያሻም። የሚያነሣው ሰው ‹‹እኔ እዚህ በመቆሜ ይህ ፍጡር ምን አቋረጠ?›› ብሎ ይጠይቅ። የምናየው ደግሞ፣ ‹‹ግሩም›› ከማለታችን በፊት፣ ምን እያዘዝን እንደሆነ እንወቅ። እናቶቻችን ሸማ ሲዘረጉ የከለከሉን ማየትን አልነበረም፤ በላተኛው ጉርሻውን እስኪውጥ መታገሥን ነበር ያስተማሩን።